ከልጁ ኋላ

ካሜራ በገዛ በሳምንቱ የሁለት ዓመት ልጁን ፎቶ ሊያነሳ ሜዳ ወጣ። ልጁ ደግሞ አንድ ቦታ አርፎ የሚቆም አይደለም። አማቱ እማማ የሻረግ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከኋላ ከኋላው ይሮጣሉ።

«እማማ፣ ኧረ ፎቶው ውስጥ አይግቡብኝ!»

«ቢወድቅብኝስ?» አሉ እያለከለኩ።

ቤት ገብቶ ሲያየው ጥርት ብሎ የወጣው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም የልጁ ሳይሆን የእማማ የሻረግ። ሲስቁ የወለቀች ጥርሳቸው ቦታ ሳይቀር ይታያል። «ተበላሸ» ብሎ አጠፋው። ከቀሩት ላይም እሳቸውን እየቆረጠ አወጣ።

በዓመቱ፣ እማማ የሻረግ ባረፉ ዕለት፣ ሚስቱ ባዶ ፍሬም ይዛ መጣች።

«ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ የእማዬን ፎቶ ፈልግልኝ። መቼም ከልጁ ተለይታ አታውቅም።»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። በየጥጋቸው የነጠላ ጫፍ አለ።