ሰርቨሩ የማያየው ስም

ይርዳው ሸሕዲ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የመረጃ ሠራተኛ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስም ዝርዝር መናኸሪያ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። አንድ ገጽ ነው፤ የተጨማደደ፣ ጠርዙ ላይ ጨው የደረቀበት። ከሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ተቀባብለውታል፤ ጨዉ የላባቸው ነው ተባለ።

አሥራ ዘጠኝ ስም ነበረበት። አንዷ መጂዳ ናት፤ ሠርጓ በሳምንቱ ቀረ።

ይርዳው ተባረረ። «ዝርዝሩ ያለው አንተ ዘንድ ነው» አሉት። እርሱ ግን ሌላ ሰው ያውቃል፤ ጎንደር ተቀምጦ የክሊኒኩ መዝገብ ያለበትን ሰርቨር የሚያስተዳድረውን ደምለውን። ደምለው የፈለገውን ስም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ይህን ቢናገር ሰሚ አላገኘም።

እናቱ እትዬ ውባንች ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት መናኸሪያ ውስጥ በወረቀት የጠቀለሉትን ኦቾሎኒ ሸጠው ነው። አሁን ባለ ዲግሪ ልጃቸውን እንደገና ያበሉት ጀመር። ይርዳው ቀና ብሎ መሄድ አፈረ። መጂዳን ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል።

በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ የድረ ገጽ መተግበሪያ ሠራ። የታካሚው ስም ከነርሷ ኮምፒውተር ሳይወጣ ይቆለፋል። ሰርቨሩ የሚደርሰው ዝብርቅርቅ ፊደል ብቻ ነው፤ መክፈቻው የነርሷ የይለፍ ቃል ነው።

ክሊኒኩ ሊሞክረው ፈቀደ። ነርስ የትናየት የይለፍ ቃሏን ራሷ እያስገባች የድሮውን መዝገብ አሸጋገረች። ይርዳው ስክሪን አያምንም። እንደ ልማዱ ዝርዝሩን ከነርሷ ኮምፒውተር አትሞ ቤቱ ወሰደና በአረንጓዴ እስክርቢቶ መስመር በመስመር ምልክት እያደረገ አመሳከረው። አንድም ስም አልተዛነፈም።

በማግስቱ ደምለው ለመተግበሪያው ርክክብ ከጎንደር ወረደ። መጂዳም በታካሚዎች ስም ተጠርታ ነበር።

«አቶ ደምለው፣ ሰርቨሩ የእርስዎ ነው» አለ ይርዳው። «እስቲ አንድ ስም ያንብቡልን።»

ደምለው ከፈተ። ፊደሉ ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው።

«መነጽር አምጡለት!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

«እኔ ያኔም አላነበብሁም» አለ ደምለው ቀስ ብሎ።

«ያኔማ ቁልፍ አልነበረውም» አለ ይርዳው።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ደምለውን አየው። መጂዳ ተነሥታ ይርዳው ፊት ቆመች።

«ወላሂ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የረገምሁት አንተን ነው። ይቅር በለኝ።»

ደምለው አቀረቀረ። ምሳ ሳይበላ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ይርዳው የርክክቡ ወረቀት እስኪፈረም ቆይቶ መናኸሪያ ወዳሉት እናቱ ገሠገሠ።

«እማዬ፣ ስሜ ጠራ! ማን እንደሆነ ሰው ሁሉ አወቀው!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እኔስ መች ተጠራጠርሁህ!» አሉ እትዬ ውባንች፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጎንደር አውቶቡስ ጠቆሙ። «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን? ፊቱ ከሰል መስሎ መጣ። አንጀቴን በላውና ኦቾሎኒ በነጻ ሰጠሁት።»

ደምለው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ኦቾሎኒውን ጨርሶ፣ ጨው የነካውን መጠቅለያ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር፤ ከመጂዳ ስም ጎን ያለው ምልክት አረንጓዴ ነው።