የዶሮዎቹ መድኃኒት

የዶሮ አርቢው ትዕግሥት አልቋል። ሚስቱ አስካለ የዶሮ ቤቱን ስትጠርግ ሽቦ ጣቷን ጫር አደረጋት፤ ይኸው እጇ እስከ ክንዷ አብጦ ሆስፒታል ተኝታለች። መርፌ ይወጓታል፣ ግሉኮስ ይሰቅሉላታል፤ ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች!

«ጭረት ማዳን ያቃታችሁ ምን ዓይነት ሐኪሞች ናችሁ?» ብሎ የአስካለ አልጋ አጠገብ የቆመችው ወጣት ሐኪም ላይ አፈጠጠ። «እኔ ያልተማርኩት እንኳ ስንት ዶሮ ከሞት አፍ አውጥቻለሁ!»

«አባባ፣ ይረጋጉ። የምንችለውን ሁሉ እያደረግን ነው።»

«ምኑን ነው የምረጋጋው? ሚስቴ ዓይኔ እያየ...» ከኮቱ ኪስ ዶሮ የተሳለበት ብልቃጥ አወጣና ሐኪሟ እጅ ላይ ቁጭ አደረገላት። «በሉ ይህን ስጧት! እኔን አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።»

ሐኪሟ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባ ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ መጀመሪያ የሰጠናት እኮ ይህንኑ ነው። ለሰውም ለእንስሳም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ቁስሏ ውስጥ ያለው ጀርም ግን ለምዶታል፤ አልሞት አለ። እኛንም ግራ የገባን የት እንደለመደው ነው።»

አስካለ በጩኸቱ ነቅታ ኖሮ ብልቃጡን ስታይ ደንግጣ ቀና ለማለት ሞከረች።

«ምነው አንተ፣ የዶሮዎቹን መድኃኒት ይዘህ መጣህ? ታዲያ ዛሬ ጠዋት ውሃቸው ውስጥ ምን ጨመርክላቸው? ደህና ሆነውም እንኳ አንድ ቀን አስታጉለናቸው አናውቅም እኮ!»