ወደ ታች የሚወርደው ጭስ

«አንተ ጭስ ቸርቻሪ፣ ከሰው እኩል ተቀመጥ ማን አለህ?» ያለችው ወይዘሮ ዘርትሁን ናት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በልጇ የምርቃት ድግስ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዕጣን ሻጩ ሰውዬ ያን ዕለት የጎረሰው እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ ነው።

አሁን ልጇን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡባት፣ ያቺው ሴት የሰውየው ሱቅ ድረስ መጣች። ጭሱ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች የሚወርደውን ማጨሻ ፈልጋ ነው። «የወንድ ወገኖች ጉድ ይበሉ! አንተው መጥተህ ለኩስልኝ» አለችው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጭሱ የሚወርደው ሾጣጣው ዕጣን ከሥሩ የተበሳ ሲሆን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ድፍኑን መርጦ ያዘ። እንዳዋረደችኝ በሰው ፊት ትዋረድ አለ በልቡ።

ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ዘርትሁን፣ «እስቲ ጭሱ ሲወርድ እዩልኝማ!» አለች። እሱ ለኮሰ። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ጣራው ወጣ። የሴትየዋ ፊት ደም መሰለ፤ እሱ ሳቁን ዋጠ።

የሽማግሌዎቹ መሪ መምሬ ጥሩነህ ግን ብድግ ብለው አማተቡ።

«ይወርዳል ስትዪ ክው ብዬ ነበር፣ ልጄ። ወደ ምድር የወረደው የቃየል መሥዋዕት ጭስ ነው። ይሄ እንደ አቤል ወጣ! ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት እንሻለን? የልጃችን ዕድል እዚህ ቤት ነው!»

እልልታው ቀለጠ። ዘርትሁን እንባዋን እየጠረገች ወደ ሰውየው ዞረች።

«ወንድሜ፣ ውለታህን በምን ልመልሰው?»

ሰውየው ክብሪቱን ኪሱ ከተተና ወጥቶ ሄደ።