የስጋው ስኳር

"ስኳርማ የለብኝም!" አለች ዓዲላ ከወንበሩ ብድግ ብላ። "ሦስት ጊዜ ጣቴን ወግተው አይተውኛል። ለዚህ ነው ሁለት ወር ውጤት ያስጠበቃችሁኝ?"

ዶክተር ቶይባ የደም ምርመራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኑራ እንድትቀመጥ በእጇ ጠቆመቻት። ለዓዲላ ከሚሴ ውስጥ ይህ አራተኛ ክሊኒኳ ነው። የመጀመሪያው ጨጓራ ነው አላት፤ ሁለተኛው ጭንቀት ነው ብሎ አሰናበታት፤ ሦስተኛው ስኳሯን ለክቶ ዝም አለ። ጎረቤት ከሁሉም ቀድሞ ፈርዶ ጨርሷል፦ ዛር ነው።

"የስኳር በሽታ አላልኩሽም። በበሬም በበግም በፍየልም ስጋ ውስጥ ያለ፣ በሰው ገላ ውስጥ ግን የሌለ አንድ ዓይነት ስኳር አለ። መዥገር ሲነክስ በምራቁ ያንኑ ስኳር ይከትብሻል። ደምሽ ጠላት ነው ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ስጋ በበላሽ ቁጥር ይነሳብሻል።"

ዓዲላ ሳታስበው ቁርጭምጭሚቷን ዳሰሰች። የጨፋ ረግረግ ሰው ናት፤ ከላሞቿ ላይ መዥገር የምትለቅመው በጣቷ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከረግረጉ ሣር ስትመለስ እግሯ ላይ የምታገኘው አይጠፋም፤ የነከሳትም ቦታ ወር ሙሉ ሲያሳክካት ይከርማል።

"እንግዲያስ ተገኘልኝ በሉኛ።"

ዶክተሯ አመነታች። "ወረቀቱ አዎ ይላል። ችግሩ ለብዙ ሰው አዎ ማለቱ ነው። የሆድ ትል ያለበት ሰውም ደሙ እንዲህ ያሉ ስኳሮችን መቃወም ሊጀምር ይችላል። በዚህ አገር ደግሞ ትል ያልያዘው፣ መዥገር ያልነከሰው ማን አለ? ወረቀቱ አዎ ብሎት ስጋውን እየበላ በሰላም የሚኖር ሞልቷል። የሚፈርደው ያንቺ ታሪክ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ከመጀመሪያው! ዓዲላ ይህን ታሪክ ነግራ ነግራ ምላሷ ዝሏል። ስጋ ትበላለች፤ ምንም አትሆንም። ሰው ሁሉ ረስቶት፣ አራት ሰዓት አምስት ሰዓት ቆይቶ መዳፏ ይበላታል፣ ገላዋ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። "ከስጋው ቢሆን ወዲያው ነበር" እያሉ ይመልሷታል። በመጨረሻ ስጋ እርም አለች። በባሏ ወንድም ኒካህ ላይ አማቷ አዮ ሀዲጃ በእንግዳ ፊት የዘረጉላትን የስጋ ጉርሻ አልቀበልም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቷ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጧትም።

"ከተውኩ በኋላ ደህና ነበርኩ" አለች። "ሰባት ወር ሙሉ። ከዚያ አዮ ቤት ሹሮ በላሁ፤ የቀትሩ ዙህር ሳይደርስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አስር ሲሰገድ ምላሴ አፌን ሞላው። ልሞት ነበር።"

"ሹሮ ብቻ?"

"ሹሮ ብቻ።"

ዶክተር ቶይባ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሹሮ ውስጥ ይህ ስኳር የለም። እንግዲያ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እንደገና መጀመር አለብን።"

"እንደገና?" ዓዲላ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። "ወላሂ፣ እብድ ነሽ በሉኝና ልረፍ!"

"ላት ነበረበት።"

ሁለቱም ዞሩ። የዓዲላ ባል እንድሪስ ለሥራ ሰመራ ስለሄደ አብረዋት የመጡት እናቱ አዮ ሀዲጃ ናቸው፤ እስካሁን ግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር።

"የበግ ላት አቅልጬ ሹሮው ውስጥ ጨመርኩ" አሉ ወለሉን እያዩ። "እንዳይሸታት ነጭ ሽንኩርቱን አበዛሁበት። ሳታውቅ ብትበላው ደህና ትሆናለች፣ የሚያማት ስጋው ሳይሆን ንቀቷ እንደሆነ ለልጄ አሳየዋለሁ ብዬ ነው። ያ ረቢ… ምላሷ ሲያብጥ አየሁ። አየሁና ዝም አልኩ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አንስታ በፍጥነት ጻፈች። "ሳታውቅ በላች፤ ከአራት ሰዓት በኋላ አበጠች" አለች ለራሷ ያህል። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ዓዲላ፣ ዛርም ጭንቀትም አይደለም። ስጋው ነው" አለቻት።

ስንት ወር የለመነችው ቃል ነበር። ቀን ከሌት አላህን "እውነቷን ነው" የሚል አንድ ሰው ስጠኝ ስትል ኖራለች። አሁን መጣ፤ ደስታ ግን ከየት ይምጣ? ወደ አማቷ ዞረች።

"አንቱ ያውቁ ነበር" አለች። "ሰፈሩ ዛራም ሲለኝ፣ ልጅዎ አብሮኝ መብላት ሲፈራ፣ ያውቁ ነበር።"

ዓዲላ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች፤ በሩን ከፈተች፤ ደጁ ላይ ግን እግሯ ቆመ።

ከኋላዋ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ፤ ዶክተሯን ነው። "ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። የማትበላውን አንድ በአንድ ንገሪኝ፤ ልያዘው።"

ዶክተር ቶይባ ስድስቱን ቀስ ብላ ዘረዘረችላቸው፤ ዶሮና ዓሣ ግን እንደማይጎዳት ጨመረች። አዮ ሀዲጃ ጣታቸውን እያጠፉ ደገሙት፤ "የበሬ። የበግ። የፍየል። መረቁም። ሞራውም።" ቆሙ። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። እንደገና እዚያው ላይ ቆሙ፤ አምስት ጣት ታጥፎ ስድስተኛው ጠፋባቸው።

ዓዲላ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ አዳመጠች።

"ግመል" አለች ሳትዞር። "የግመል ቀርቷል።"