ሩብ ጨምር

ጎረቤቱ ቬሊካ ስልክ ስትደውል ማኖል ጫማውን አስሮ ጨርሶ ነበር። የእሷ ቤት መብራት ድርግም ሲል ከመስኮቱ ሆኖ አይቶታል።

«አንተ ማኖል፣ ያ ብሬከርህ ደግሞ ጣለ» አለችው።

«መጣሁ። እስከዚያ ካፖርትሽን ደርቢ።»

ሁለቱም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሮዶፒ ተራራ ላይ ያለችው መንደራቸው ወጣቶቿን ለሶፊያና ለጀርመን ሰጥታ ጨርሳለች። በክረምት ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማኖል ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ራሱን ያገኘዋል። ሰው ይርበዋል፤ ሌላ ስም የለውም።

ቬሊካ እንጨት መሸከም ወገቧ እምቢ ስላላት ቅጠል ሲረግፍ ምድጃዋን ትታ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛች። መስመሩን የዘረጋላት ማኖል ነው። ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት የፈጀ ሰው ነውና ዕቃ ሲመርጥ አይሰስትም። «ከሦስት ሰዓት በላይ ሳያርፍ የሚሠራ ነገር በሽቦውም በብሬከሩም ላይ ሩብ ይጨመርለታል» ይላቸው ነበር አዲስ ገቢዎቹን። «እስከ ወፍጮ ቤት ኩንታል የሚችል በቅሎ፣ ቀኑን ሙሉ ተሸከም ቢሉት ይተኛል።» ለቬሊካም የገዛላት ሽቦ ወፍራም ነበር።

ያም ሆኖ ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው ብሬከር ይጥላል። ማሞቂያዎቹ ከምሳ በኋላ ይለኮሳሉ፣ ቀኑ ሲደነግዝ ቤቱ ይጨልማል። የብሬከሩ ሣጥን የተሰቀለው ከማሞቂያዎቹ በላይ ከፍ ብሎ ነው። ቬሊካ ደግሞ ትከሻዋን ስለሚያማት እጇን እዚያ ድረስ ማንሳት አትችልም።

ሱቅ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው።

«ካውያ ትሰካበታለች» አለ ባለ ሱቁ። «ባኒትሳ ቂጣውን ትጋግራለች፣ ራኪያ አረቄውን ትቀዳለች፣ ከዚያ ካውያዋን ትሰካለች። አንተ ደግሞ እንደ ሙሽራ ሮጠህ ትደርሳለህ።»

ማኖል ዳቦውን ይዞ ፈገግ እያለ ወጣ። አላስተባበለም።

የዚያን ምሽትም ቬሊካ ቤት በርጩማው ላይ ወጥቶ ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰው። ቀዝቃዛ ነው። ጠጋ ሲል የደረት ኪሱ ውስጥ ያለ ነገር ሣጥኑን ቋ አደረገው።

«ምንድን ነው ደረትህ ላይ የሚንኳኳው? ልብህ እንዳይሆን» አለች ቬሊካ ከታች ባትሪ እያበራችለት።

«መለዋወጫ ነው።»

«ልብህስ መለዋወጫ ሳያስፈልገው ይቀራል ብለህ ነው?»

ብሬከሩን ወደ ላይ አነሳው። ቤቱ በራ። «ማሞቂያዎቹ አንድ ላይ ዐሥራ ስድስት አምፔር ይስባሉ። ብሬከሩም ዐሥራ ስድስት ነው» አላት። «ሌላ የሰካሽው ነገር የለም?»

«ምን እሰካለሁ ብለህ ነው?» አለችና ፊቷን አዞረች። እስከ አንገቷ ቀልታለች።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጧል፤ የአይብ ባኒትሳው ገና ትኩስ ነው። እየበሉ ስለ ሞቱት፣ ስለ ሄዱት፣ ስለ በረዶው አወሩ። ማኖል ወደ ቤቱ ሲመለስ ብርዱ አልተሰማውም።

የገና በዓል ሲቃረብ የቬሊካ ልጅ ዳሬና ከሶፊያ መጣች። እናቷን በካፖርት ተጠቅልላ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘቻት። ማኖል በርጩማው ላይ ነበር።

«ጋሽ ማኖል፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ቤት ሊቃጠል ነው?»

«አይቃጠልም ልጄ። ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ምንም አይሆንም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚጥለው?»

ማኖል ብሬከሩን ወደ ላይ አነሳው። ቬሊካን አየት አደረጋትና ከበርጩማው ወረደ።

ዳሬና ዐይኑን ተከትላ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ሌላ ነገር ትሰኪያለሽ እንዴ?»

«እኔ? እኔ ምን...» ቬሊካ የሻሿን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች።

«የምትሰካውን አታስታውስም» አለች ዳሬና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለማኖል። «እርጅናው ገብቷል ማለት ነው። ብቻዋን ልተዋት አልችልም፤ ነገ ይዣት እሄዳለሁ።»

ቬሊካ ግን ሰምታለች። «እኔ ከቤቴ የትም አልሄድም። ማኖል፣ አንድ ነገር በልልኝ እንጂ!»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን እንዲህ ያለው ነገር በልጅ ፊት እንዴት ይነገራል? ማኖል አፈረ።

«ለክረምቱ ብቻ ይሆናል» አለ ወለሉን እያየ።

በማግስቱ ጠዋት ቬሊካ ከመኪናው መስኮት እጇን አውጥታ ቁልፉን ሰጠችው።

«ቧንቧው በብርዱ እንዳይፈነዳብኝ ማሞቂያዎቹን አታጥፋቸው።»

«እሺ።»

«ማኖል፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ አንድም ቀን ምንም ነገር አልሰካሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ደግ ሰው ነህ» አለችው። መኪናው ቁልቁል ወረደ።

ማኖል የጎማውን ዱካ በረዶ እስኪሸፍነው ድረስ ቆሞ ቆየ። ከዚያ ወደ ቬሊካ ቤት ገባ። ሁለቱ ሳህኖች ታጥበው ተደፍተዋል። ማሞቂያዎቹን ለኮሰና በርጩማውን ሣጥኑ ሥር አስጠጋ።

ባለ ዐሥራ ስድስቱን ብሬከር ነቅሎ፣ ቅጠል ሲረግፍ ከሽቦው ጋር አብሮ የገዛውንና እስከ ዛሬ በደረት ኪሱ ይዞት ሲዞር የነበረውን ባለ ሃያ ብሬከር ገጠመው፤ ማሞቂያዎቹም አንዴም ሳይጠፉ እስከ ፀደይ ባዶውን ቤት ሲያሞቁ ከረሙ።