የሱራቱ መጋረጃ

ጋሻዬ፣ ሚስቱ የሻረግ ከሕመሟ ከዳነች ለመንደሩ ማርያም ከሕንድ አገር መጋረጃ ሊያመጣ ተስሎ ነበር። ዳነች። ጋሻዬ ላሊበላን ያስጎበኘው አንድ ሕንዳዊ ደግሞ አገሩ ጋበዘው። ጋሻዬ በጨርቅ ከታወቀችው የሱራት ከተማ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጋረጃውን ተሸክሞ ገባ።

መጋረጃው ያምራል። ችግሩ ወልድያ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ጋር ቁርጥ አንድ መሆኑ ነው።

ስለት ደግሞ እንደተነገረው ካልገባ አልገባም። አባ ኢያቄም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። እውነት ሕንድ ሄዶ እንደሆነ ማን ይጠይቀው በሚለው ማንም አልተከራከረም፤ መንደሩ ጋሼ ቢተው አሉት። ከዐሥር ዓመት በፊት ለኩላሊት ጠጠር ሕንድ አገር ታክመው መምጣታቸውን የማያውቅ የለም። ሻንጣቸው መንገድ ላይ ጠፍቶ ባዶ እጃቸውን ቢገቡም ማንም አልተቀየማቸውም። ከዚያ ወዲህ በየድግሱ ከፊት ይቀመጣሉ።

«ባሕሩን አየኸው?» አሉ ጋሼ ቢተው።

«ባሕሩ ራቅ ይላል ጋሼ። ወደቧ ወንዝ ላይ ነው የነበረ።»

«ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ዝሆንስ?»

«አላየሁም። ሞተር ሳይክልና ላም ነው የሞላው።»

«ዝናብ ሲጥል ሰዉ አይዘፍንም?»

«ኧረ እንደኛው ይሮጣል!»

ጋሼ ቢተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ባዩዋት ሕንድ ሰው በዝናብ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ይዘፍናል፤ ዝሆን መንገድ ይዘጋል። ይህን ዐሥር ዓመት ሙሉ ያልሰማ የለም።

ጋሻዬ ፓስፖርቱን አወጣ።

«ማኅተም የትም ይቀረጻል» አሉ ጋሼ ቢተው።

የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ስለቱ አልደረሰም ከተባለ ሕመሙ የሚመለስባት ይመስላታል።

«አባ፣ በማርያም ይመኑኝ!» አለ ጋሻዬ።

አባ ኢያቄም ወደ ጋሼ ቢተው ዞሩ። «አገሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

«አልሄደም።»

መጋረጃው ተጠቅልሎ ለራሱ ለጋሻዬ ተመለሰ። ጋሻዬ የሻረግን ከዘመዶቿ ጋር ትቶ፣ ቁልቁለቱን ብቻውን ጀመረ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ ቢተው እያለከለኩ ደረሱበት። ግራ ቀኝ አዩና ክንዱን ይዘው ወደ ወይራው ጥላ ሳብ አደረጉት።

«እኔ ምልህ ጋሻዬ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አውሮፕላኑ ብድግ ሲል ጆሮ ይደፍናል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?»