መኪናህን ከሳሬ ላይ አንሳልኝ

"መሬቱ እኮ አልሞተም ልጄ... ረገጣ በዝቶበት ነው።"

ይህን ያሉኝ እማማ የምላቸው የባሌ እናት ናቸው። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ሆዴ ገፍቶ፣ አንገቴን ደፍቼ ቤታቸው የገባሁ ሰሞን።

ግቢው ውስጥ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩት ሳር ነበራቸው።

ባላቸው፣ አባባ የምላቸው፣ ሹፌር ናቸው። የጭነት መኪናቸውን እላዩ ላይ ያቆማሉ።

"መኪናህን ከሳሬ ላይ አንሳልኝ!"

"ነገ።"

ይኼ ነገ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ዓመታት ፈጅቷል...

ልጄን በወለድኩ ሰሞን እማማ አረፉ። ሳሩም ተከተላቸው። መሬቱ ከመጠጠሩ የተነሳ ውሃ ሲደፋበት እንደ ሰሃን ያቁራል።

አንድ ቀን አባባ መኪናውን አስወጥተው ደጅ አቆሙት። ደስ ሊለኝ ሲል...

"ሲሚንቶ ላስፈስስበት ነው። ግንበኛው ለወሩ መጨረሻ ይመጣል።"

የእማማ ሳር! ልጄ ደግሞ ገና መዳህ መጀመሯ...



"አባባ፣ እስከዚያ አንድ ነገር ልሞክር?"

"ምን?"

"አፈር የሚያፍታታ ፈሳሽ አለ፤ አንድ ችግኝ ሻጭ ነው የነገረኝ። በውሃ በጥብጦ መርጨት ነው፣ መቆፈር የለውም።"

ከት ብለው ሳቁ። "ለአፈር ሽሮፕ? ሲያስለው ሰምተሻል እንዴ?"

መጀመሪያ ደረቁ ላይ ረጨሁት። ተንሸራቶ ቦይ ገባ!

"አይ ሐኪም!" አሉኝ ከበረንዳው።

ችግኝ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። "መሬቱን ቀድመሽ አርጥቢው እንጂ እህቴ!" አለኝ።

አረጠብኩ... ረጨሁ... ደግሜ ውሃ አጠጣሁ። ግን ግማሹ ቦይ ገብቶ የለ? መኪናው ይቆምበት የነበረው ጥግ ሳይደርሰው አለቀብኝ።

ሳምንታት አለፉ። ውሃው ማቆሩን ትቶ መስረግ ጀመረ። ከዚያ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ...

የመኪናው ጥግም አብቅሏል!

እኔ አንዲት ጠብታ ያላሳረፍኩበት!

"አባባ፣ ይኼ እንዴት በቀለ?"

"እኔ ምን አውቄ? ዝናብ ይሆናላ።"

ዝናብ ካየን ሰንብተናል።

በማግስቱ ማለዳ የልጄን ልብስ ላሰጣ ስወጣ አየኋቸው...

በካናቴራ፣ ቁጢጥ ብለው፣ የእኔን መርጫ ይዘው። አጠገባቸው የዚያ ፈሳሽ አዲስ ጠርሙስ።

ሳሩን ያናግሩታል።

"ይኸው አነሳሁልሽ... እሺ? ትንሽ ዘገየሁ እንጂ አነሳሁልሽ።"

ልብሱን ሳላሰጣ ተመለስኩ።

ግንበኛው ሲመጣ ከበር ነው የመለሱት። "ሳር ላይ ሲሚንቶ? ጤነኛ ነህ አንተ?"

ወደ እኔ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

ደረቅ ነው ያልነው ሰው ሁሉ ውስጡ አልሞተም ወገኖቼ... የከበደ ነገር ቆሞበት ይሆናል። "ነገ" ያላችሁትን ግን ሰውየው እያለ አንሱለት።

ማየቴን አልነገርኳቸውም። ዛሬ ግን ቀድሜያቸው ተነሳሁና መርጫውን ውሃ ሞልቼ በራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

እናንተስ... "ነገ አነሳዋለሁ" እያላችሁ የምትወዱት ሰው ላይ ያቆማችሁት ነገር ምንድን ነው? እስቲ ኮመንት ላይ አውሩኝ...